መልስ፦ ለቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የትኛው የስፌት መኪና ይሻላል?
ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው ብርድ ልብስ ለመሥራት ብዙ ዓይነት ስፌት ያለው መኪና ያስፈልግዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። አያስፈልግዎትም። እ.ኤ.አ. በ1933 ለገበያ የቀረበችው ሲንጀር 221 ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የምትሰፋው፤ የሙያው ሰዎች ግን ዛሬም ያፈላልጓታል።

በመገጣጠም ጊዜ ዋናው ነገር የጠርዙ ልክ፣ ማለትም ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጫፍ ያለው ርቀት ነው፤ የተለመደው ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በየጠርዙ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያሳልፉ፣ ስምንት ቁራጭ ያለው ረድፍ ሰባት ስፌት፣ እያንዳንዱም ስፌት ሁለት ጠርዝ አለውና 14 ሚሊሜትር ያጥራል፤ ማዕዘኑም ከቀጣዩ ረድፍ ጋር አልገጥም ይላል። አስቀድመው ሦስት ቁራጭ ሰፍተው ይተኩሱና ይለኩ፦ የመካከለኛው ስፋት ከተቆረጠበት ልክ በግማሽ ኢንች ማነስ አለበት።

ሦስቱን ንብርብር፣ ማለትም የተገጣጠመውን የላይ ጨርቅ፣ የመሐሉን ሙሌትና የታቹን ጨርቅ፣ አንድ ላይ መስፋት ግን ሌላ ፈተና ነው። የመኪናው ጥርሶች የሚገፉት የታችኛውን ጨርቅ ስለሆነ የላይኛው ወደ ኋላ ቀርቶ ይሸበሸባል። ለቀጥታ መስመር የላዩንም አብሮ የሚገፋ እግር ይግጠሙ። ጥምዝ ጌጥ ካሰቡ ደግሞ ጨርቁን የሚመሩት በእጅዎ ስለሆነ ጥርሶቹ ዝቅ እንደሚሉ ወይም እንደሚሸፈኑ ሳያረጋግጡ አይግዙ። በመርፌውና በመኪናው ቋሚ አካል መካከል ያለውንም ክፍተት ይዩ፤ የተጠቀለለው ብርድ ልብስ የሚያልፈው በዚያ ነው። ሻጮች ስለ ስፌት ዓይነት ብዛት ሲያወሩ ይህን ይዘነጉታል።

መርፌ፣ ለመገጣጠም ቁጥር 80፣ ለንብርብሩ ቁጥር 90 ይሁን። የስፌቱን ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ያድርጉ፤ ለንብርብሩ ወደ 3 ከፍ ያድርጉት።