የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ደረጃ፣ ገንዘብና ዕድሜ በሴቶች ቴኒስ ሙያ

ጥያቄ፦ ኤማ ራዱካኑ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ኦፕንን ስታሸንፍ በዓለም 150ኛ እንደነበረች አንብቤአለሁ። በዓመቱ ደግሞ ደረጃዋ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ችሎታ በአንድ ዓመት እንዲህ ይጠፋል?

መልስ፦ የጠፋው ነጥቧ ነው። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር (ደብሊውቲኤ) ለተጫዋቾች ደረጃ የሚሰጠው ባለፉት 52 ሳምንታት በሰበሰቡት ነጥብ ብቻ በመሆኑ፣ ከአንድ ውድድር የተገኘ ነጥብ ዓመት ሲሞላው ከሒሳቡ ይወጣል። አምና ያሸነፈች ተጫዋች ዘንድሮ በዚያው ውድድር የምትሰለፈው በእጇ ያለውን ላለማጣት ነው። ራዱካኑ በ18 ዓመቷ ሦስቱን የማጣሪያና ሰባቱን የዋናውን ውድድር ጨዋታዎች ሁሉንም 2 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ለግራንድ ስላም (ከዓመቱ አራት ታላላቅ ውድድሮች ለአንዱ) ባለድል የሚሰጠው 2,000 ነጥብ ወደ 23ኛ ደረጃ አስፈነጠራት። በ2022 በዚያው ውድድር የመጀመሪያ ዙር በፈረንሳዊቷ አሊዜ ኮርኔ ስትሸነፍ የደረሳት 10 ነጥብ ብቻ ስለነበር 83ኛ ሆነች።

በግራንድ ስላም የነጠላ ውድድር ከሚሰለፉት 128 ሴቶች 104ቱ በደረጃቸው በቀጥታ ሲገቡ፣ 16ቱ በማጣሪያ፣ 8ቱ ደግሞ በአዘጋጆቹ ግብዣ ይገባሉ። በመሆኑም አብዛኞቹ ተጫዋቾች ዓመቱን ሙሉ የሚታገሉት ወደ መጀመሪያዎቹ መቶ ደረጃዎች ለመጠጋት ነው፤ ምክንያቱ ከሚቀጥለው ጥያቄ ጋር ይያያዛል።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን የምናያቸው ሁሉ ባለጸጎች ይመስላሉ። 200ኛ ደረጃ ላይ ያለች ተጫዋችስ ከዚህ ሙያ መኖር ትችላለች?

መልስ፦ ትኖር ይሆናል፤ ጥሪት መቋጠር ግን ይከብዳታል። የእግር ኳስ ተጫዋች ክለቡ ደመወዝ ይከፍለዋል፣ ሲጎዳ ያሳክመዋል። የቴኒስ ተጫዋች ግን የራሷ ቀጣሪ ናት፤ የአሰልጣኟን ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ የሆቴሉን፣ የራኬት ጅማት ማስወጠሪያውን ሳይቀር ከኪሷ ታወጣለች፤ ከሽልማቷም ላይ ውድድሩ የተካሄደበት አገር ግብሩን ይቀንሳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ መቼ እንደምትመለስ አለማወቋ ነው። ማክሰኞ ብትሸነፍ ረቡዕ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ ካሸነፈች እስከ እሑድ ትቆያለች፤ ስለዚህ ርካሹን ትኬት አስቀድሞ መቁረጥ ለእርሷ ቁማር ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፣ በ2025 የአሜሪካ ኦፕን በመጀመሪያው ዙር ለተሸነፈች ተጫዋች 110 ሺህ ዶላር ተከፍሏል። ጀማሪዎች የሚሳተፉበት፣ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሥር የሚካሄደው ዝቅተኛው ውድድር ግን ለተሳታፊዎቹ በሙሉ የሚያከፋፍለው 15 ሺህ ዶላር ነው። 200ኛ ለሆነችው ተጫዋች እንግዲህ የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋው በአራቱ ግራንድ ስላሞች የማጣሪያ ሳምንታት በምታገኘው ክፍያ ነው። የዊምብልደን ማጣሪያ የሚካሄደው በታወቀው ሜዳ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሚገኘው በሮሃምፕተን ነው። በመጨረሻው የማጣሪያ ዙር የተሸነፈች ተጫዋች ቶሎ አትሄድም፤ ከዋናው ዕጣ የታመመች ወይም የተጎዳች ተጫዋች ራሷን ብታገል ተተክታ ለመግባት ስሟን አስመዝግባ፣ ራኬቶቿን በቦርሳዋ ይዛ ትጠብቃለች። የአንዷ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ለሌላዋ የብዙ ወራት ወጪ የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

ከወንዶች ጋር እኩል ሽልማት የሚለው ትግል ረጅም ታሪክ አለው። በ1970 ዘጠኝ ሴቶች በሂዩስተን የአንድ ዶላር ውል ፈርመው ከነባሩ አሠራር አፈነገጡ፤ በ1973 በአሜሪካዊቷ ተጫዋች በቢሊ ጂን ኪንግ መሪነት ደብሊውቲኤ ለንደን ላይ ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኦፕን ሽልማቱን እኩል ሲያደርግ ዊምብልደን እስከ 2007 ቆየ። በእኔ አስተያየት በግራንድ ስላሞች ይህ ጥያቄ ተዘግቷል፤ አሁን ትኩረት የሚገባው በራሳቸው በሴቶቹ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ጎበዝ ተጫዋች ናት። አሰልጣኟ ትምህርቷን ትታ ወደ ፕሮፌሽናል ውድድር ትግባ ይላል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ደንቡ አይፈቅድም። ልጅዎ 14 ዓመት ሳይሞላት በፕሮፌሽናል ውድድር መሳተፍ አትችልም፤ ከዚያም በኋላ 18 እስኪሞላት ድረስ በዓመት የምትሰለፍባቸው ውድድሮች ቁጥር የተወሰነ ነው። ገደቡ በዚህ መልክ የጠበቀው ከጄኒፈር ካፕሪያቲ በኋላ ነው። ካፕሪያቲ በ1990፣ 14 ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ወደ ሙያው ገብታ በዚያው ዓመት ለሮላን ጋሮስ (ለፈረንሳይ ኦፕን) ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፤ በ1992 በባርሴሎና የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ ከዚያ ግን ጫናው ከሜዳ አራቃት። ተመልሳ በ2001 የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸንፋ የዓለም አንደኛ ብትሆንም፣ በመካከል ያለፉት ዓመታት አልተመለሱላትም።

ኮኮ ጎፍ በ2019 በ15 ዓመቷ ማጣሪያውን አልፋ በዊምብልደን ቬነስ ዊሊያምስን ማሸነፏን አሰልጣኙ ሊጠቅስልዎ ይችላል። እርስዎም ዳንኤል ኮሊንስን ይጥቀሱለት፤ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች የአሜሪካ ኮሌጆችን ሻምፒዮና በ2014 እና በ2016 አሸንፋ፣ ከተመረቀች በኋላ ነው በ2022 ለአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ የደረሰችው። ልጅዎ በታዳጊዎች ውድድር ትሰለፍ፤ ትምህርቷን ግን አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ የወለደች ተጫዋች ደረጃዋ ይጠበቅላታል?

መልስ፦ ቀድሞ በከፊል ብቻ ነበር። ሴሬና ዊሊያምስ በጥር 2017 የአውስትራሊያ ኦፕንን ስታሸንፍ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወልዳ በ2018 ሮላን ጋሮስ ስትመለስ ደረጃዋ ከ450ኛ በታች ወርዶ ነበር፤ ወደ ውድድሩ ብትገባም፣ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸው 32ቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ተለይተው ከሚመደቡበት ዝርዝር ውጭ ሆነች። ዊምብልደን ግን በዚያው ዓመት 25ኛ አድርጎ መደባትና ለፍጻሜ ደረሰች። ክርክሩ ከተነሣ በኋላ ደብሊውቲኤ በዓመቱ መጨረሻ ደንቡን ሲያሻሽል፣ እናቶች የቀድሞ ደረጃቸውን ከወሊድ በኋላ እስከ ሦስት ዓመት ለመግቢያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ይህ በር ይከፍታል እንጂ ነጥብ አይሰጥም። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ መስፈርቱን የሚያሟሉ ተጫዋቾች እስከ 12 ወር የሚደርስ የወሊድ ክፍያ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ የጥንድ ጨዋታ በነጠላ ላልሆነላቸው ማረፊያ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ለአንዳንዶች እንጀራቸው ነው፤ የታይዋኗ ህሲዬ ሱ-ዌይ በ2024 የአውስትራሊያ ኦፕንን በሴቶች ጥንድ ስታሸንፍ 38 ዓመቷ ነበር። ባርቦራ ክሬይቺኮቫ ግን ለረጅም ጊዜ በጥንድ ብቻ ስትታወቅ ቆይታ በ2021 ሮላን ጋሮስን በነጠላም በጥንድም አሸንፋለች፤ በ2024 ደግሞ የዊምብልደንን የነጠላ ዋንጫ ወስዳለች።