ሳይቴ ለምን የሁሉንም ሳይት ይመስላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ እሸጣለሁ። እስካሁን በቴሌግራም ነበር የምሠራው፤ ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች ስለበዙ አሁን ድረ ገጽ እያሠራሁ ነው። የሚሠራልኝ ልጅ ያሳየኝ ግን ልቤን አልሞላውም። ሎጎው ከላይ በግራ፣ የግዢ ጋሪው በቀኝ፣ አድራሻው ከታች፣ እንደ ማንኛውም ሱቅ። ለየት ያለ ነገር ስጠይቀው «ሰው ይጠፋበታል» ይለኛል። የምሸጠው የእጅ ሥራ ስለሆነ ሳይቴም የራሱ መልክ እንዲኖረው እፈልጋለሁ። ማናችን ነን ልክ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ በነገሮቹ አቀማመጥ ልጁ ልክ ነው፣ በመልኩ ደግሞ አንቺ።

ደንበኛሽ ያንቺን ሳይት ከመክፈቱ በፊት ስንት ሌላ ሳይት ከፍቷል። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን ሲያስረዳ የኖረውም ይሄንኑ ነው፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን በሌሎች ሳይቶች ላይ ስለሚያሳልፍ ያንቺም እንደነሱ እንዲሠራ ይጠብቃል። ሎጎ ሲነካ ወደ መጀመሪያው ገጽ እንደሚመልሰው፣ አጉሊ መነጽር መፈለጊያ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ሜኑ የሚከፍቱት ሦስት መስመሮች እንኳ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ኖርም ኮክስ የሚባል ዲዛይነር እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጣው ዜሮክስ ስታር ኮምፒውተር የሳላቸው ናቸው። ሰማያዊ ሆኖ ከሥሩ የተሰመረበት ሊንክም እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ከሞዛይክ ብራውዘር ጀምሮ ዓይናችን የለመደው ነው። ስለዚህ ርዕስ ለማድመቅ ብለሽ ከሥሩ አታስምሪ፤ ሰው ሊንክ መስሎት ይነካዋል፣ ምንም ሳይከፈት ሲቀር ሳይቱ የተበላሸ ይመስለዋል።

ያንቺ መልክ በፎቶው ይውጣ። ውጭ ያለች ደንበኛ ሽሮ ሜዳ እንደሄደች ሰው ጨርቁን ዳስሳ ማየት አትችልም። ጥለቱን ከቅርብ አንሺላት፣ ቀሚሱ ተለብሶ ከፊትም ከኋላም ይታይ፣ ማን እንደሸመነው ጻፊ። ቀለሙንም ከጥለቱ ውሰጂ። ግን አደራ፣ ወርቃማ ፊደል በነጭ ላይ አይሁን። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ብርሃን መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል፤ ፈዛዛ ወርቅ በነጭ ላይ እዚያ አይደርስም፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይነበብም።

አሁን ልጁን የምትሟገቺበትን ልንገርሽ። አብዛኛው ቴምፕሌት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የሳይት ንድፍ) የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፣ የእኛን አያውቅም። ቁልፎቹን በትልልቅ ፊደል፣ አጽንዖቱን ደግሞ በዘመመ ፊደል ለይቶ ያሳያል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ አማርኛ ሲዘም ደግሞ ብዙ ጊዜ ብራውዘሩ በግድ ያጋደለው ነው፤ ያስጠላል፣ ለማንበብም ያስቸግራል። ደማቅ ፊደል ወይም ቀለም ይበቃል። መጠኑንም እይ። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ፊደሉ ሲያንስ ስልክ ላይ አይለዩም። እኔ ከ16 ፒክስል በታች አልወርድም፣ 18 ቢሆን ደስ ይለኛል፣ በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ይኑር።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ አማርኛን ፎቶ ላይ ጽፎ መለጠፍ ነው። ድሮ ምክንያት ነበረው፤ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ደንብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱ አሠራር ስለነበረው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ይበላሽ ነበር። ዛሬ ግን ስልኩ ሁሉ ግዕዝ ያነባል። ዋጋና መጠን ፎቶ ውስጥ ከተጻፈ መገልበጥ አይቻልም፣ በፍለጋ ለመገኘት ይቸገራል፣ ዓይነ ስውር የምትጠቀምበት ድምፅ አንባቢም ያልፈዋል፣ ዳታም ይበላል።

ሰዓት ስትጽፊ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለሽ ጨርሺው፤ ዋሽንግተን ያለች ሴት «2 ሰዓት» ብቻ ስታይ ሌሊት ልትደውልልሽ ትችላለች። ስልኩን ከ+251 ጀምረሽ ጻፊ፣ ሲነካም የሚደውል ይሁን።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ለማኅበራችን በአማርኛና በዕብራይስጥ ሳይት እየሠራን ነው። የዕብራይስጥ ሳይቶች ሎጎ በቀኝ ነው፤ እኛ የቱን እንከተል? (ከኔታንያ)

መልስ፦ ሁለቱንም፣ እያንዳንዱን በየቋንቋው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ስለሚነበብ ገጹ በሙሉ ይገለበጣል፤ ሎጎው በቀኝ ይሆናል፣ ሜኑው ከቀኝ ይጀምራል፣ የመመለሻ ቀስቱም ይዞራል። ስልክ ቁጥርና የቪዲዮ ማጫወቻ ምልክት ግን አይገለበጡም። የአማርኛው ገጽ ከግራ ይጀምር። ቋንቋ መቀየሪያው ላይ ባንዲራ አታድርጉ፤ የሁለቱንም ቋንቋ ስም በየራሱ ፊደል ጽፋችሁ ከላይ አስቀምጡት፣ አማርኛ ብቻ የሚያነቡ እናቶች የዕብራይስጡ ገጽ ቢከፈትባቸው ቶሎ እንዲያገኙት።