ከዓመታት በኋላ ወደ ዓሣ ማሳደግ ለሚመለሱ፦ ከዓሣው አስቀድሞ ማጣሪያው

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ደግሜ አንብቤዋለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ዓሣ ያሳድጉ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ዕቃ ቤት ተቀምጦ የከረመውን 100 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ከነማጣሪያውና ከነማሞቂያው አውጥተው እንደገና ለመጀመር እንደወሰኑ ገልጸዋል። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፤ የድሮው ዕቃ ያገለግል እንደሆነ፣ ገንዳው በውኃ ተሞልቶ 3 ቀን ከቆየ በኋላ ዓሣ ማስገባት ይቻል እንደሆነ፣ እንዲሁም ጎልድፊሽና ኒዮን ቴትራ አብረው መኖር ይችሉ እንደሆነ። እኔም ለረጅም ጊዜ አቋርጬ የተመለስኩ ሰው በመሆኔ፣ ተመላሽ ከጀማሪ በምን እንደሚለይ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ተመላሽ ሰው እጁ ሥራውን ያስታውሳል፣ ዓይኑም የታመመውን ዓሣ ከጤነኛው ይለያል፤ ሆኖም የሚያስታውሰው በመጨረሻ የተወውን፣ ለዓመታት ሲሠራ የኖረውንና ብዙ ስሕተት የሚችለውን ገንዳ ነው። ዛሬ ውኃ የሚሞላው ገንዳ ግን ያ ገንዳ አይደለም፤ መስታወቱ አንድ ቢሆንም በውስጡ ገና ምንም ሕይወት የለም። የምሰጥዎት መልስ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በዕቃው ልጀምር። ገንዳው መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ሳሎን ውስጥ ሳይሆን ውኃ ቢፈስ ጉዳት በማያመጣበት ስፍራ፣ ፍጹም ደልዳላ በሆነ ወለል ላይ ነው። እስከ አፉ ሞልተው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ከተቻለም ሁለት ቀን ያቆዩትና መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ወረቀት እየጠረጉ ይመልከቱ። ደርቆ የቆየ ሲሊኮን ጠርዙ ከመስታወቱ መላቀቅ ይጀምራል። የሚያንጠባጥብ ቦታ ካገኙ ከላይ አዲስ ሲሊኮን መቀባት መፍትሔ አይሆንም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ አሮጌው በምላጭ ተፍቆ መነሣትና መስታወቱ ንጹሕ መሆን አለበት። ገንዳውን በሳሙና አይጠቡት፤ ነጭ ሆኖ የደረቀውን የካልሲየም ቅሪት ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል። የሚያስቀምጡበትንም ጠረጴዛ ያስቡበት፤ የ100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ግራም ነው፣ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከ120 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል።

ማሞቂያውን ግን እንዲጥሉት እመክራለሁ። ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ማሞቂያ የውኃ መከላከያ ጎማው ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ሙቀት መቆጣጠሪያው ሳይጠፋ ከቀረ ዓሣውን ይቀቅላል፣ ውኃ ከገባበት ደግሞ አደጋው ለእርስዎም ነው። ለ100 ሊትር 100 ዋት ገደማ ያለው አዲስ ማሞቂያና ለብቻው የሚቀመጥ ቴርሞሜትር በቂ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶች ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ረገብ ብለው እንዲንጠለጠሉ ያድርጉ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ እዚያው ይንጠባጠባል። እጅዎን ወደ ውኃው ከመክተትዎ በፊትም ሁሉንም ከሶኬት ይንቀሉ። ማጣሪያው ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ ያገለግላል፤ ስፖንጁ ግን ይቀየር። የቀድሞው የምግብ ቆርቆሮና የውኃ መመርመሪያ ፈሳሽ ጊዜያቸው ስላለፈ አያገለግሉም፤ በተለይ ያረጀ መመርመሪያ ከምንም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ሐሰተኛ መረጋጋት ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ 3 ቀን አይበቃም። ውኃን ማሳደር የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በውኃው ውስጥ ያለው ክሎሪን በንኖ እንዲወጣ። ያም ቢሆን የውኃ አቅራቢው የሚጠቀመው ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደበት ውሕድ) ከሆነ ማሳደሩ ዋጋ የለውም፣ ክሎራሚን በቀላሉ አይበንምና። ስለዚህ ውኃ በጨመሩ ቁጥር የክሎሪን ማስወገጃ መድኃኒት መጠቀም ይሻላል። ትልቁ ጉዳይ ግን ክሎሪን ሳይሆን አሞኒያ ነው። ዓሣ አሞኒያን በዋነኛነት በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ያስወጣል፤ ዐይነ ምድሩና ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብሱ አሞኒያ ይሆናሉ። በቆየ ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂቱም ይመርዛሉ፤ ናይትራይት የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው፣ ዓሣው ውኃው በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ ሳለ ከላይ ወጥቶ ሲያለከልክ ይታያል። ናይትሬት ግን ብዙ እስካልተጠራቀመ ድረስ ይታገሡታል፤ በውኃ ቅየራም ይወጣል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። ተባዝተው ሥራውን እስኪችሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ቀን የገባ ዓሣ ይህን ሁሉ ጊዜ በራሱ መርዝ ውስጥ ያሳልፋል ማለት ነው።

ድሮ እኛ ይህንን ጊዜ የምናሳልፈው «ጠንካራ» የሚባሉ ጥቂት ዓሦችን አስቀድሞ በማስገባት ነበር። ዛሬ ያንን እንዲያደርጉ አልመክርም፤ ያለ ዓሣ ማድረግ ሲቻል ሕያው ፍጡርን ለዚህ ማዋል ተገቢ አይመስለኝም። መንገዱም ከባድ አይደለም። ገንዳውን ይሙሉ፣ ክሎሪኑን ያስወግዱ፣ ማጣሪያውን ያስነሡ፣ ሙቀቱን ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያም ሽቶም ሆነ ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ የአሞኒያ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ መመርመሪያው 2 ሚሊግራም በሊትር እስኪያሳይ ይጨምሩ። እንዲህ ያለ አሞኒያ ካላገኙ በየቀኑ ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ ጣል ማድረግም ይሠራል፤ ዘገምተኛና ለመቆጣጠር የሚያስቸግር ነው እንጂ። በየሁለት ቀኑ ይለኩ። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አሞኒያው መውረድ፣ ናይትራይቱ መውጣት ይጀምራል፤ ናይትራይቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ድንገት ይወርዳል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ መካከለኛ ጊዜ ነው፤ ለሳምንታት ምንም የሚታይ ለውጥ የለምና። አሞኒያው በወረደ ቁጥር መልሰው ይጨምሩ። 2 ሚሊግራም በሊትር የሚሆን አሞኒያ ጨምረው በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ካገኟቸው ማጣሪያው ዝግጁ ነው፤ የተጠራቀመውን ናይትሬት ለማስወጣት አብዛኛውን ውኃ ቀይረው፣ ሙቀቱን አስተካክለው ዓሣ ማስገባት ይችላሉ።

በመሐል ሂደቱ ከቆመብዎት ፒኤቹን፣ ማለትም የውኃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይመልከቱ። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ የውኃውን የካርቦኔት ጥንካሬ፣ ማለትም ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚጠብቀውን ካርቦኔት፣ ይበላሉ፤ ውኃው ከመነሻው ለስላሳ (ማዕድኑ ያነሰ) ከሆነ ፒኤቹ ይወርድና ባክቴሪያዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ከፊሉን ውኃ መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ያስነሣቸዋል። ፒኤች ሌላም ነገር ይወስናል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ መርዛማው አንደኛው ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 በሆነ ውኃ የመርዛማው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ፒኤች 8 ሲደርስ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድ ዓይነት የአሞኒያ መጠን የአንዱን ሰው ዓሣ ሳይነካ የሌላውን የሚገድለው ለዚህ ነው።

ጊዜውን በእውነት የሚያሳጥር አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ፤ ጤነኛ ዓሣ ካለበት የቆየ ገንዳ የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ። የሚያምኑት ሰው ካለ ቁራጩን እርጥብ እንዳለ፣ በገንዳው ውኃ ውስጥ አድርገው በፍጥነት ያምጡትና ማጣሪያዎ ውስጥ ይክተቱት። ከዚያ በኋላም መለካቱን አይተዉ። በጠርሙስ የሚሸጡት ባክቴሪያዎች ጉዳይ ግን ከጊዜው ጋር ተለውጧል። ድሮ የምናነባቸው መጻሕፍት ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ነው ይሉ ነበር፤ በ1998 የታተመ ጥናት ግን በጨው አልባ ውኃ ገንዳዎች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት የናይትሮስፓይራ ወገን የሆኑት መሆናቸውን አሳየ። በ2015 ደግሞ ከአሞኒያ እስከ ናይትሬት ያለውን መንገድ ብቻቸውን የሚጨርሱ የናይትሮስፓይራ ዝርያዎች መኖራቸው ታወቀ፤ ከእነርሱ ሁለቱ የተገኙት ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነው። ጠርሙስ ከገዙ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለበት ለማወቅ በላዩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ሆኖም የሚያምኑት መመርመሪያውን እንጂ ጠርሙሱን አይሁን።

ጎልድፊሽና ኒዮን ቴትራ አብረው አይኖሩም። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይስማማዋል፣ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፤ ተራው ዓይነት 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ፣ ከ10 ዓመትም በላይ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ 100 ሊትር ለእርሱ ለብቻውም ጠባብ ነው። ኒዮን ግን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የምትሆን፣ ሞቃትና ለስላሳ ውኃ የምትወድ ዓሣ ናት፤ ጎልድፊሹ ሲያድግ ይውጣታል። «ለአንድ ሊትር አንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ» የሚለውን የድሮ ስሌትም ይርሱት። የዓሣ ክብደት በርዝመቱ ልክ አይጨምርም፤ ቅርጹ ተመሳሳይ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ዓሣ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆኑት 10 ዓሦች ጠቅላላ ክብደት 100 እጥፍ ይመዝናል፣ የሚያወጣውም ቆሻሻ እንደዚያው የሚወዳደር አይደለም።

ዓሣ ከመምረጥዎ በፊት የቧንቧ ውኃዎን ጥንካሬና ፒኤች ይለኩ፤ ከውኃው ጋር ከመታገል ከውኃው ጋር የሚስማማውን ዓሣ መምረጥ ለእርስዎም ለዓሣውም ይቀላል። ውኃው ለስላሳ ከሆነ 12 ያህል ኒዮን ቴትራና 6 ኮሪዶራስ ለ100 ሊትር ጥሩ ነው፤ ኮሪዶራስ ከወለሉ እየቆፈረ ስለሚበላ ጢሙን የማያቆስል ለስላሳ አሸዋ ይፈልጋል። ውኃው ጠንካራ ከሆነ ጉፒ ይሻላል። ከጉፒ ወንዶቹን ብቻ ቢወስዱ ይመረጣል፤ ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ማቆየት ስለምትችል፣ ብቻዋን ብትገባም ገንዳውን በግልገል ልትሞላው ትችላለች። «አልጌ ይበላል» ተብሎ የሚሸጠውን ተራ ፕሌኮ አይግዙ፤ ሲገዙት ጣት የሚያህለው ዓሣ አድጎ ከ40 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ዓሦቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተወሰነ ሳምንት ከፋፍለው ያስገቡ። አዲስ የገዙትን ሁሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ካልሆኑ በስተቀር፣ ለብቻው በሆነ ትንሽ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ለ4 ሳምንት ያህል ማቆየት ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ለምሳሌ መድኃኒት የሚነካው በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከዓሣው ወጥቶ በውኃው ውስጥ በሚዋኝበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ ቆዳ ውስጥ እያለ አይደረስበትም፣ ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ተብሎ ሕክምናው አይቋረጥም።

ተክል ማስገባቱን አይተዉት። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ብዙ ብርሃን አይሹም፤ ሥረ ግንዳቸው እንዳይበሰብስ አሸዋ ውስጥ ሳይቀበር በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ይታሰር። መብራቱን በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ያብሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መስታወቱን የሚያለብሰው ቡናማ አልጌ በአዲስ ገንዳ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሚያውቁት ነው፤ በየሳምንቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ውኃ መቀየር፣ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መመገብ። የተነነውን መሙላት ግን እንደ ቅየራ አይቆጠርም፤ ውኃው ሲተን ማዕድኑና ናይትሬቱ በገንዳው ይቀራሉ። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በወጣ ውኃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት እንጂ በቧንቧ ውኃ አይጠቡት፤ ለሳምንታት የጠበቋቸውን ባክቴሪያዎች ክሎሪኑ ይገድላቸዋል። ማጣሪያው ለሰዓታት መብራት ካጣም ባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን እጥረት ይጎዳሉ፤ መብራት ሲመለስ ምግብ ቀንሰው አሞኒያውን ይለኩ።

ገንዳውን ፈትሸው የቧንቧ ውኃዎን ጥንካሬ፣ ፒኤችና የካርቦኔት መጠን ሲያውቁ ቁጥሮቹን ይጻፉልኝ፤ ከእነርሱ ተነሥተን ለእርስዎ ውኃ የሚስማማውን ዓሣ በስም ለይተን እንመርጣለን።