«የጃፓን ተጫዋቾች» ወይስ «ጃፓናውያን ተጫዋቾች»?

ጥያቄ፦ የስፖርት ዜና በአማርኛ እጽፋለሁ። ሰሞኑን «በአውሮፓ ክለቦች ያሉ የጃፓን ተጫዋቾች» በሚል ርእስ አንድ ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ አርታኢዬ «ጃፓናውያን ተጫዋቾች» ብለው አረሙት። ልዩነታቸው ምንድን ነው? እንዲሁም አንድ ተጫዋች «በሊቨርፑል ይጫወታል» ነው ወይስ «ለሊቨርፑል ይጫወታል» የሚባለው? የስሞቹ አጻጻፍም አስቸግሮኛል፤ አንዱ «ሽንጂ» ሲል ሌላው «ሺንጂ»፣ አንዱ «ታክሂሮ» ሲል ሌላው «ታኬሂሮ» ይላል። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ የአርታኢዎ እርማት ተገቢ ነው፤ ሆኖም እርስዎ የጻፉት ሐረግ ሰዋስው አልጣሰም። ችግሩ አንባቢው ከአንድ በላይ ትርጉም እንዲገምት መተዉ ነው። «የ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ያለባት ምዕላድ ናት፤ ባለቤትነትንም፣ አባልነትንም፣ መገኛንም፣ ቦታንም ትገልጻለች። ስለዚህ «የጃፓን ተጫዋች» የተባለው ሰው ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ፣ በጃፓን ሊግ ለሚወዳደር ክለብ የሚጫወት፣ ወይም በዜግነቱ ጃፓናዊ የሆነ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ ማንም ልዩነቱን ልብ አይለውም። ዝውውር በበዛበት በዛሬው እግር ኳስ ግን ሦስቱ በየፊናቸው ይሄዳሉ። ስፔናዊው አንድሬስ ኢኒዬስታ ከ2018 እስከ 2023 ድረስ ለቪሴል ኮቤ ተጫውቷል (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በእነዚያ ዓመታት «የጃፓን ሊግ ተጫዋች» ቢባል እውነት ነው፣ «ጃፓናዊ ተጫዋች» ቢባል ግን ሐሰት ይሆናል። በተቃራኒው ያሱሂኮ ኦኩዴራ በ1977 ወደ ኮሎኝ ሄዶ በጀርመን ቡንደስሊጋ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመትም ክለቡ የሊጉንም የጀርመን ዋንጫንም ሲያነሣ አብሮ ነበር። እዚህ ላይ «የመጀመሪያው የጃፓን ተጫዋች» ብንል፣ አንባቢው ከእርሱ በፊት ጃፓን ውስጥ ኳስ የሚጫወት ሰው እንዳልነበረ አድርጎ ሊረዳው ይችላል።

ከግእዝ የወረስነው «-አዊ» ግን ሰውን ከአገሩ ጋር ያስተሳስራል፤ ሰውየው ክለብ ቢቀያይርም ይህ ቅጽል አይለወጥበትም። ሺንጂ ካጋዋ በዶርትሙንድም፣ በማንቸስተር ዩናይትድም ሳለ ጃፓናዊ ነው፤ በ2013 ከዩናይትድ ጋር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሲባልም የአነጋገሩ ትርጉም አንድ ብቻ ነው። ልብ ማለት የሚገባው «ጃፓናዊ» የትውልድ ቦታን አስገድዶ የሚናገር ቃል አለመሆኑን ነው። በ2024 ወደ ጣሊያኑ ፓርማ የተዛወረው ግብ ጠባቂ ዛዮን ሱዙኪ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን አባቱ ጋናዊ፣ እናቱ ጃፓናዊት ናቸው፤ ያደገው ጃፓን ውስጥ ነው፣ የሚሰለፈውም ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን ነው። «ጃፓናዊው ግብ ጠባቂ» ማለት ምንም አይጎድለውም። የትውልድ ቦታው ለጽሑፉ የሚያስፈልግ ከሆነ «አሜሪካ የተወለደው ጃፓናዊ ግብ ጠባቂ» ብሎ ማብራራት ነው፤ «የጃፓን ተወላጅ» ማለት ግን አይገባም።

«-አዊ» ሌላም ጥቅም አለው፤ ጾታን ይለያል። «የጃፓን ተጫዋች» ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ «ጃፓናዊት» ስንል ግን ነገሩ ይለያል። ጃፓናዊቷ ተከላካይ ሳኪ ኩማጋይ በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥራ አገሯን ለድል አብቅታለች፤ በኋላም ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር ከ2016 እስከ 2020 ድረስ በተከታታይ አምስት ጊዜ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግን አሸንፋለች። በአውሮፓ ስላሉ ጃፓናውያን የሚጻፍ ዝርዝር እርሷን ሳያነሣ ካለፈ፣ በእኔ እምነት ጽሑፉ ጎደሎ ነው። የሴቶች ብዙ ቁጥር «ጃፓናውያት» ነው፤ በዜና ቋንቋ ብዙም አይሰማም እንጂ ትክክለኛ ቃል ነው፣ ሴቶችን ብቻ በሚመለከት ጽሑፍም ቢለመድ ደስ ይለኛል።

የቁጥር ስምምነትን በተመለከተ «ጃፓናውያን ተጫዋቾች»ም «ጃፓናዊ ተጫዋቾች»ም ያስኬዳሉ፤ በአማርኛ ቅጽል ከብዙ ቁጥር ስም በፊት ሲመጣ ራሱ መብዛት ግዴታ የለበትም። እንደ እኔ ግን በርእስና በመግቢያ ዐረፍተ ነገር ላይ «ጃፓናውያን» ይሻላል፣ ምክንያቱም ስለ ብዙ ሰዎች እየተነገረ መሆኑን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያሳውቃል። «ጃፓኖች» የንግግር ቃል ነው፤ በቃለ መጠይቅ ውስጥ እንደተነገረ ሊቀመጥ ይችላል።

«-አዊ» ለሰው የተመቸውን ያህል ለተቋም አይመችም። የቤልጂየሙን ሲንት ትሩይደን እንውሰድ። ይህ ክለብ በአንድ የጃፓን ኩባንያ እጅ ከገባ በኋላ ብዙ ወጣቶች ወደ አውሮፓ የሚገቡበት በር ሆኗል፤ ዋታሩ ኤንዶ፣ ታኬሂሮ ቶሚያሱ፣ በውሰት የሄደው ዳይቺ ካማዳ፣ ከላይ ያነሣሁት ሱዙኪም በዚያ በኩል አልፈዋል። ክለቡን «ጃፓናዊ ክለብ» ወይም «የጃፓን ክለብ» ብለው የጻፉ አጋጥመውኛል፤ ሁለቱም አንባቢን ያሳስታሉ፣ ክለቡ የቤልጂየም ነውና። «በጃፓን ኩባንያ ባለቤትነት ሥር ያለ የቤልጂየም ክለብ» ሲባል ረዘም ይላል፤ ርዝመቱ ግን ሊቀነስ የማይችል መረጃ የያዘ ነው።

ወደ «ለ» እና «በ» ልለፍ። ይህን ለመመለስ በጥቅምት 2019 የተደረገ አንድ ጨዋታ ከየትኛውም ሕግ በተሻለ ያስረዳል። በቻምፒየንስ ሊጉ የምድብ ጨዋታ ሊቨርፑል የኦስትሪያውን ሳልዝበርግ በሜዳው አስተናግዶ 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ሳልዝበርግ 3 ለ 3 አደረሰው፤ በመጨረሻም ሊቨርፑል 4 ለ 3 አሸነፈ። ከሳልዝበርግ ጎሎች አንዷን ያስቆጠረው ታኩሚ ሚናሚኖ ነበር። እንግዲህ እንዲህ እንጻፍ፦ «ሚናሚኖ በቻምፒየንስ ሊጉ፣ በአንፊልድ፣ ለሳልዝበርግ በሊቨርፑል ላይ ጎል አስቆጠረ።» ውድድሩም ስታዲየሙም «በ» ያዙ፤ የተሰለፈለት ክለብ «ለ» ያዘ፤ ጎሉ የገባበት ቡድን ደግሞ «በ…ላይ» ያዘ። ከእነዚህ አንዱን ብናዛባ፣ ለምሳሌ «በሳልዝበርግ ጎል አስቆጠረ» ብንል፣ ሳልዝበርግ ከተማ ውስጥ ያስቆጠረ ይመስላል፤ «ለሊቨርፑል አስቆጠረ» ብንል ደግሞ የዚያን ምሽት ውጤት እንገለብጠዋለን። ይኸው ተጫዋች በጥር 2020 ወደ ሊቨርፑል ሲዛወር ግን «ለሊቨርፑል» የሚለው እውነተኛ ሆነ። «ለ» ሰውየው የማንን ማሊያ እንደለበሰ የምትነግረን ናት።

ስለዚህ ከክለብና ከብሔራዊ ቡድን ስም ጋር «ለ» ይጻፉ፤ ከሊግ፣ ከአገር፣ ከከተማና ከውድድር ስም ጋር «በ» ይጻፉ። «በሊቨርፑል ይጫወታል» የሚለውን ስሕተት አልለውም፤ ሰው ክለቡን እንደ ሥራ ቦታ ሲቆጥረው ይነገራል። ሊቨርፑል ግን የከተማም ስም ነው፤ በዚያው ከተማ ኤቨርተን አለ። «ኤንዶ በ2023 ከሽቱትጋርት ተዛውሮ ለሊቨርፑል መጫወት ጀመረ» የሚለው ግን አያሻማም። የእርስዎም ርእስ «ለአውሮፓ ክለቦች የሚጫወቱ ጃፓናውያን» ቢሆን «ተጫዋቾች» የሚለውን ቃል እንኳ መጨመር አያስፈልገውም፤ «የሚጫወቱ» ብሎ ተናግሮታልና።

በዚሁ አጋጣሚ የ«የ» መደራረብን ላንሣ። «የጃፓን የአውሮፓ ክለቦች ተጫዋቾች» ዓይነት ሐረግ በርእሶች ላይ እየበዛ ነው፤ ማን የማን እንደሆነ ለማወቅ አንባቢው ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ይለዋል። «ለየጃፓን ብሔራዊ ቡድን» ደግሞ ጨርሶ አይጻፍም፤ «ለ» ስትመጣ «የ» ቦታዋን ትለቃለች፣ «ለጃፓን ብሔራዊ ቡድን» ይሆናል። ማሳጠር ከተፈለገ አማርኛችን ጥሩ መንገድ አለው፦ «የብራይተኑ ሚቶማ»፣ «የሌስተሩ ኦካዛኪ»። በክለቡ ስም መጨረሻ ላይ የምትገባዋ «-ኡ» ሰውየውን ከሌላ ተመሳሳይ ስም ለይታ ታመለክታለች። ይህ በተለይ ለኢቶዎች ይጠቅማል፤ ሂሮኪ ኢቶ በ2024 ወደ ባየርን ሙኒክ የሄደ ተከላካይ ነው፣ ጁንያ ኢቶ ደግሞ ለቤልጂየሙ ጌንክና ለፈረንሳዩ ሬምስ የተጫወተ የመስመር ተጫዋች ነው። ሁለቱ ወንድማማች አይደሉም፤ ኢቶ በጃፓን እጅግ የተለመደ የቤተሰብ ስም ነው።

የቤተሰብ ስም ካልኩ ዘንድ፣ ሁለተኛው ስም የአባት ስም አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። እኛ ኃይሌ ገብረሥላሴን በሁለተኛው መጠቀስ ላይ «ኃይሌ» እንላለን፣ ተገቢም ነው። ጃፓናውያን ግን የቤተሰባቸውን ስም ያስቀድማሉ፤ በአገራቸው «ሚቶማ ካኦሩ» ነው፣ የአውሮፓ ጋዜጦች «ካኦሩ ሚቶማ» ብለው ይገለብጡታል። የጃፓን መንግሥት ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ በላቲን ፊደል በሚያወጣቸው ይፋዊ ሰነዶች የቤተሰብ ስም እንዲቀድም ወስኗል። ለስፖርት ዜና ግን አንባቢው በለመደው የአውሮፓ ቅደም ተከተል መቀጠል የሚመረጥ ይመስለኛል፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ግን አይፈቀድም። በሁለተኛው መጠቀስ ላይ የቤተሰብ ስም ይበቃል፦ «ሚቶማ»፣ «ኤንዶ»፣ «ቶሚያሱ»። የሴልቲክ ደጋፊዎች በግል ስሙ የሚጠሩት ኪዮጎ ፉሩሃሺ ከዚህ ውጭ ነው፤ በታወቀበት ስም ቢጠራ ያምርበታል።

የስሞቹ አጻጻፍ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በላቲን ፊደል የሚጽፉ የሌላቸው ዕድል በእጃችን ነውና። የጃፓን ካና ፊደል እንደ እኛው ፊደል በአንድ ምልክት ተነባቢንና አናባቢን አዋሕዶ ይጽፋል። ቶሚያሱ በአገሩ የግል ስሙን በካና ቢጽፍ አራት ምልክት ያስፈልገዋል፤ በእኛም «ታ-ኬ-ሂ-ሮ» አራት ፊደል ነው። «ታክሂሮ» የሚለው የመጣው ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አይቶ፣ በእንግሊዝኛ ንባብ ከመገመት ነው። በእንግሊዝኛ የቃል መጨረሻ ላይ ያለች «ኤ» ብዙ ጊዜ ስለማትነበብ ጸሐፊው ሳድስ ያደርጋታል፤ በጃፓንኛ ግን ሁልጊዜ ትነበባለች፤ ስለዚህ በኃምስ ትጻፍ፦ «ሃሴቤ»፣ «ታኬፉሳ»፣ «ዳይዜን»። «ሺንጂ» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ልክ ነው፤ ካናው «ሺ-ን-ጂ» ብሎ ሦስት ምልክት ይይዛል፣ የመጀመሪያው አናባቢ «ኢ» ስለሆነ ሣልስ እንጂ ሳድስ አይሆንም። የአንዲት ፊደል ቅርጽ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ለማየት «ኢቶ»ን «ኤቶ» ብለው ይጻፉት፤ ጃፓናዊው ተከላካይ ካሜሩናዊው ሳሙኤል ኤቶ ይሆናል።

ጥቂት ጠባብ ቦታዎች አሉ። «ሪትሱ ዶአን» በሚለው ስም ውስጥ ያለችው «ትሱ» በጃፓንኛ አንድ ምልክት ናት፤ እኛ ግን «ሪጹ» ብለን መጻፍ የለብንም፣ የእኛዋ «ጸ» እንደ «ጠ» እና «ቀ» አየር ታምቆ ድንገት የሚለቀቅባት ፈንጂ ድምፅ ናት፣ ጃፓንኛ ፈንጂ ድምፅ የለውም። «ጁንያ»ም «ጁኛ» አይደለም፤ «ን» እና «ያ» ለየብቻቸው የሚነበቡ ናቸው። የሹንሱኬ ናካሙራ «ሱ» በንግግር ውስጥ ልትጠፋ እስክትደርስ ትደክማለች፤ ስለዚህ «ሹንስኬ» ብለው የሚጽፉ ጆሯቸው አላታለላቸውም። እኔ ግን በካናው እንደተጻፈው «ሹንሱኬ» ብዬ ብጽፍ እመርጣለሁ፤ አንባቢው ፈጠን ብሎ ሲያነበው ድምፁ በራሱ ይላላል። «ኪዮጎ» ወይስ «ክዮጎ» ለሚለው መልሱ ከብዙ ዘመን በፊት ተሰጥቷል፤ «ቶኪዮ» እና «ኪዮቶ» ብለን ስንጽፍ ኖረናልና ያንኑ ክፍለ ቃል በሰው ስም ላይ ስናገኘው ሌላ መልክ ልንሰጠው አይገባም።

የረዘሙ አናባቢዎችን በተመለከተ፣ «ኤንዶ» እና «ኢቶ» በጃፓንኛ መጨረሻቸው ረዥም ነው። ፊደላችን የአናባቢ ርዝመትን አይለይም፤ አማርኛም በርዝመት ብቻ ቃልን ከቃል አይለይም። ስለዚህ «ኤንዶኦ» ብሎ ፊደል መጨመር ሳያስፈልግ «ኤንዶ» ይበቃል።