የተቃጠለው ቤት በሳምንቱ ቆሞ ለምን ይገኛል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የስምንት ዓመት ልጄ ቅዳሜ ጠዋት የሚከታተለው አንድ የቆየ ካርቱን አለ። ባለፈው ሳምንት የዋናው ገጸ ባሕርይ ቤት ተቃጥሎ ዐመድ ሲሆን አብረን አየን፤ በዚህ ሳምንት ግን ቤቱ ምንም እንዳልሆነ ቆሟል። ልጄ «ማን ሠራላቸው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ደግሞስ የልጆች ዝግጅት ቅዳሜ ጠዋት ላይ የሚከማቸው ለምንድን ነው?

አንዲት እናት

መልስ፦ ቤቱን መልሶ ያቆመው የሥርጭት መርሐ ግብር ነው ቢሉት አልዋሹትም። በአሜሪካ ልማድ ለቅዳሜ ጠዋት የሚሠራ ካርቱን በአንድ ዙር ብዙውን ጊዜ 13 ክፍሎች ያህል ነበሩት፤ በዓመት ደግሞ 52 ቅዳሜዎች ስላሉ አንዱ ክፍል አራት ጊዜ ያህል መደገሙ አይቀርም ነበር። በዚህ ላይ የስፖርት ውድድር በቀጥታ በሚተላለፍበት ቀን የልጆቹ ዝግጅት ይዘለላል፤ ክፍሎቹም ሁልጊዜ በተሠሩበት ተራ አይቀርቡም። ስለዚህ ደራሲዎቹ ሦስተኛውን ክፍል ያላየ ልጅ በአራተኛው ግራ እንዳይጋባ ሲሉ በየክፍሉ መጨረሻ ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ይመልሱታል፦ የተቃጠለው ይቆማል፣ የተጣሉት ይታረቃሉ፣ ማንም አንድ ዓመት አይጨምርም።

ቅዳሜ ጠዋት የተመረጠው ለልጆች ታስቦ ነው የሚባለው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሦስቱ ትልልቅ የአሜሪካ ጣቢያዎች ኤቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ካርቱኖቻቸውን በዚያ ሰዓት የደረደሩት፣ አዋቂው ብዙም ቴሌቪዥን የማያይበት የአየር ሰዓት ስለነበረና የአሻንጉሊትና የቁርስ እህል አምራቾች ልጆችን በአንድ ጊዜ የሚያገኙበት ቦታ ስለፈለጉ ነው። ሥራውም በርካሽ እንዲያልቅ ተደርጓል። በዚያ ዘመን የተሠራ ካርቱን ካጋጠመዎ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ሲነጋገሩ ከአፋቸው በቀር የሚንቀሳቀስ የለም፣ ሲሮጡም ያው ዛፍና ያው በር ከኋላቸው ደጋግመው ያልፋሉ።

ዛሬ ይህ ልማድ በተወለደበት አገር ጠፍቷል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የልጆች ቴሌቪዥን ሕግ በቅዳሜና እሑድ የልጆች ዝግጅቶች ላይ የሚተላለፍ ማስታወቂያ በሰዓት ከ10.5 ደቂቃ እንዳይበልጥ ገደበ፤ በ1996 የተደነገገው መመሪያ ደግሞ ጣቢያዎች በሳምንት ሦስት ሰዓት ትምህርታዊ የልጆች ዝግጅት እንዲያቀርቡ ጠየቀ። ከሁሉ የከበደው ግን ቀኑን ሙሉ ካርቱን የሚያሳዩ የኬብል ጣቢያዎች መምጣታቸው ነው፤ ዘወትር የሚገኘውን ነገር ቅዳሜን ጠብቆ የሚያይ ልጅ አይኖርምና። ኤንቢሲ በ1992 ካርቱኖቹን አቋረጠ፤ በነፃ ከሚሠራጩት ጣቢያዎች የመጨረሻው የቆየ ዓይነት የቅዳሜ ካርቱን መርሐ ግብርም እ.ኤ.አ. መስከረም 2014 ላይ በሲደብልዩ ጣቢያ አበቃ።

ለቤትዎ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ክፍሉ ሲጀምር ያለፈውን የሚያስታውስ ቅንጭብ ካለው ታሪኩ ተያያዥ ነውና በተራው ይታይ። እንደ ልጅዎ ካርቱን በየሳምንቱ ከመነሻው የሚጀምር ከሆነ ግን አንዱ ክፍል እንዳለቀ ቴሌቪዥኑን ቢያጠፉት የሚያመልጠው ታሪክ የለም፤ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብሎ ቢለምንዎትም ቤቱ ቆሞ እንደሚጠብቀው እርሱ ራሱ አይቷል።