የሹራብ ክር ግማሽ ግማሽ አይገዛም

ሰላም እህቴ። «ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ደሴ ላለችው እናቴ ሹራብ ልሠራላት ነው፣ ክር ከየት ልግዛ? ስንት ይበቃኛል? ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ደሞዝ ሲገባ ብገዛስ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ስለ ሱቁ ብዙ ሰው ጽፎልሻል። እኔን ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ጥያቄሽ ነው። አደራሽን፣ እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ለዚያውም ለአባቴ ሹራብ።

1. ክሩን በአንድ ቀን፣ ሙሉውን ግዢ። በጥቅሉ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እይ። ሁለት ቁጥር አላት። አንዱ የቀለሙ ቁጥር ነው፣ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ሁለተኛው ሎት የሚባለው ነው፣ ክሩ ከየትኞቹ ጋር አብሮ እንደተነከረ የሚናገረው እሱ ነው። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ ሎቱ ከተለየ የክሩ መልክ ሊለያይ ይችላል። ወጥ ስትሠሪ በዚያው በርበሬ የዛሬውና የነገው መልኩ አንድ ይሆናል? አይሆንም። ይሄም እንደዚያው ነው።

እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሳይነሳ ደጅ መቀመጥ ይወዳል። የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። ጥቁር ሰማያዊ ክር መረጥኩለት። ለሱ ቁመት ባለ 100 ግራም ሰባት ጥቅል ያስፈልግ ነበር፣ እኔ በእጄ የነበረው ብር ለሦስት ነው የበቃው። ባለሱቁን «የቀረውን ያስቀምጡልኝ» ስለው «ምን ችግር አለ፣ ሞልቷል» አለኝ። አመንኩት። ከሥራ ስመለስ ማታ ማታ እየሠራሁ በስድስት ሳምንት ጀርባውን ጨረስኩና የፊቱን ግማሽ አደረስኩ።

የቀረውን ልገዛ ሱቁ ስመለስ ባለሱቁ የሰጠኝ ክር ሎቱ ሌላ ነው። ቁጥሩ ለምን ተለየ ብዬ ጠየቅሁት። «ክር ክር ነው፣ ከፈለግሽ ውሰጂ ካልፈለግሽ ተይው» አለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። ወደ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ ልየው ብለው «ሳትከፍይ ከበር አይወጣም» አለ። ሰው ፊት ነው እንዲህ ያለኝ። አፍሬ ከፈልኩ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ያቺ ማፈሬ ናት። ያኔ ትቼው መውጣት ነበረብኝ።

ቤት በአምፖል ሳየው አንድ ዓይነት መሰለኝ። ጨረስኩት፣ አጠብኩት፣ አባቴ ለብሶት ደጅ ወጣ። ፀሐዩ ሲያርፍበት ደረቱ ላይ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ከላይ ሌላ ቀለም፣ ከታች ሌላ። አባዬ ምንም አላለኝም፣ «እጅሽ ይባረክ» ብቻ ነው ያለኝ። ጎረቤታችን ግን «ሁለት ሹራብ ነው እንዴ የደረቡት?» ብላ ጠየቀችው። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ሰማሁ። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ፣ ያው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው መልሱ። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ፣ ሙሉውን ተረተርኩት። ጀርባውን፣ ፊቱን፣ ሁለቱን እጅጌ። የተተረተረ ክር እንደተጠቀለለ ፀጉር ይሆናል፣ እንዳለ ብትሠሪበት ሥራው ይንሻፈፋል። በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሜ፣ አራት ቦታ ላላ አድርጌ አሰርኩትና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሰቀልኩት። ሲደርቅ ተቃና። ከዚያ እንደገና ስጀምር ሁለት ረድፍ ከአሮጌው፣ ሁለት ረድፍ ከአዲሱ እያፈራረቅሁ ሠራሁት። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ ይበተንና ዓይን አይይዘውም። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ዘንድሮ አራተኛ ክረምቱ ነው፣ አባቴ አሁንም እሱን ነው የሚለብሰው፣ ያቺው ጎረቤታችንም ለባሏ ሥሪልኝ ብላኛለች። እና አንቺም ብር ካጠረሽ ክሩን ሳይሆን ጊዜውን ግፊው። ደሞዝ እስኪገባ ጠብቂ።

2. «ንጹሕ ሱፍ ነው» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትመኚ። ጣት የምታህል ቁራጭ ክር ለምኚና ክብሪት ለኩሺባት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣትሽ ይደቃል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነው የሚነደው። አክሪሊክ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እኔ ራሴ አብዛኛውን የምሠራው በሱ ነው፣ ለማጠብም አያስቸግርም። ግን በአክሪሊክ ዋጋ ሱፍ ይኑርሽ ያለሽ ሰው ካለ ይዋሻል። ደግሞ አክሪሊክን ካውያ እንዳታስነኪው፣ አንድ እጅጌ እንደዚያ አጥፍቻለሁ፣ ተዘርግቶ ቀረ። ሱፍን ደግሞ በሙቅ ውሃ አትጠቢ፣ ይኮማተርና የልጅ ልብስ ይሆናል።

3. ኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አለና ክር እዚያው አገኛለሁ ብለሽ እንዳትደክሚ። እዚያ ያለው የጥጥ ጨርቅ ሥራ ነው። ገበያ የምታገኚው ድርና ማግም ለሸማኔ ነው፣ ለሹራብ ይሳሳል። ወደ ደሴ ነይ፣ የሐረጎን ዳገት መውጣት አይከብድሽም፣ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። ዋጋ አልነግርሽም፣ በየጊዜው ይለወጣል፣ ዛሬ የጻፍኩልሽ ነገ ያጣላሻል።

ስንት ይበቃኛል ላልሽው፣ እናትሽ መካከለኛ ሰውነት ካላት፣ ክሩም መካከለኛ ውፍረት ሆኖ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ከሠራሽ ከ500 እስከ 600 ግራም ያዢ። በላዩ አንድ ጥቅል ጨምሪ። ትርፉ ለካልሲ ይሆናል፣ አይጠፋም። ሳትጀምሪ በፊትም 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ሠርተሽ እጠቢያትና ለኪያት። ሰነፍኩ ብለሽ እንዳትዘያት፣ እኔ ዘልዬ ለእህቴ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሹራብ ሠርቻለሁ።

አሁን መርፌ ላይ ሦስት ሥራ አለኝ። የእህቴ ልጅ ልትወለድ ስለሆነ የጥጥ ክር ብርድ ልብስ በኪሮሽ እየሠራሁ ነው፣ ካሰብኳቸው 48 ቁርጥራጮች 31 ደርሰዋል። የጎረቤቴ ባል ሹራብ አንገቱ ቀርቶታል። ሦስተኛው ከደጋ ከመጣ፣ በእጅ ከተፈተለ ጥቁር የበግ ፀጉር የምሠራው የአንገት ልብስ ነው። ይኮሰኩሳል፣ ባና ለብሰሽ ካደግሽ ታውቂዋለሽ፣ ግን እንደሱ የሚያሞቅ አላየሁም። ደግሞ ያልተነከረ ስለሆነ የሎት ቁጥር የለውም።

ብቻሽን መግዛት ከፈራሽ አብሽሪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ እወርዳለሁ። ብርሽ ሲሞላ ጻፊልኝና አብረን እንሂድ። ክሩን ደጅ አውጥተን በፀሐይ እናየዋለን፣ አይወጣም ካለን ሌላ ሱቅ እንሄዳለን።