ሚስቴን የታይላንድ ድራማ ወሰደብኝ

ይድረስ ለእትዬ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው፤ ትዕግስቴ አልቋል። የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ኑሮዬ አዳማ፣ ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፤ ትራንዚተር ነኝ። ቀን የእንግሊዝኛ ሰነድ ሳገላብጥ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ላለፉት 8 ዓመታት የባለቤቴ አስተርጓሚ ነበርኩ። እየሳቁብኝ እንደሆነ ይታየኛል፤ ይሳቁ።

የኮሪያ ድራማ የጀመርነው በ«ዴ ጃንግ ገም» ነው፤ ከቤተ መንግሥት ማድ ቤት ተነስታ የንጉሡ ሐኪም የሆነችው ሴት ታሪክ። 54ቱንም ክፍል ፍላሽ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ባለቤቴ ትምህርት ያቋረጠችው ከ3ኛ ክፍል ነው። አማርኛ አሳምራ ታነባለች፣ ሱቋን ራሷ ነው የምታስተዳድረው፣ በሒሳብ እኔንም ታስከነዳኛለች፤ ከስር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ግን አታነብም። ልጆች ሲተኙ እኔ እያነበብኩ እነግራታለሁ፣ እሷ ቡናዋን እየደገመች ትሰማለች። በነፋስ ተገፍታ ሰሜን ኮሪያ የወደቀችውን የሀብታም ልጅ፣ «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ»ን፣ በ10 ቀን ጨረስን። «ማይ ሚስተር»ን ስናይ ሁለታችንም አልቅሰናል፤ ይቺን ለማንም እንዳይናገሩ።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን በአማርኛ የተተረከ የታይላንድ ድራማ ስልኳ ላይ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ኢርፎኗን ሰክታ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ነው።

እትዬ፣ አይተውት ያውቃሉ? አክተሩ ልጅቷን በሰው ጥፋት ይቀየማትና ጠልፎ ደሴት ላይ ያስቀምጣታል። በጥፊ ይላታል፣ ወዲያው ይስማታል፣ ጥቂት ክፍል ሳይሄድ ትወደዋለች። ክፉዋ ሴት ዓይኗን ስታፈጥ ካሜራው ሦስት ጊዜ ይመላለስባታል። ሰው ሲደናቀፍ የሕፃን መጫወቻ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ክፍል ከማስታወቂያው ጋር ወደ 2 ሰዓት ይጠጋል። ሐሳብ ሲያልቅባቸው ደግሞ የኮሪያን ይገለብጣሉ፤ የ2004ቱን «ፉል ሃውስ» በ2014 እንደገና ሠርተውታል። ኮሪያዎች እኮ ሴት ያከብራሉ! ደግሞስ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋው ለማን ነበርና ነው ዛሬ ታይላንድን የምናስቀድመው?

ምን እንዳገኘችበት ጠየቅኳት። «የኮሪያዎቹ ሴቶች ብሶታቸውን ውጠው ያለቅሳሉ፤ እነዚህ ግን አፍ አውጥተው ይናገራሉ» አለችኝ። ይሄ መልስ ነው?

በእኔ በኩል ጥፋት ካለ ብዬም አስቤያለሁ። ሁሌም እንዳለ ነው የተረጎምኩላት። «ሪፕላይ 1988» ላይ ብቻ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ስለ ፓስፖርት የምታወራበትን አጭር ቦታ ዘለልኩ። «ምን አለችው?» ስትለኝ «ስለ ጉዞ ነው» ብዬ አለፍኩት፤ ታሪኩ ላይ የሚያጎድለው ነገር የለም። ያንን ድራማ እንኳ አልጨረስነውም፤ እንቅልፌ መጣ ማለት አበዛች።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ከዱቤ መዝገቧ ስር የትንሿ ልጃችንን ያለቀ ደብተር አገኘሁ። የኋላ ገጾቹ በባለቤቴ እጅ ተሞልተዋል፤ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከስሩ ድምፁ በአማርኛ። እንደነበረ መለስኩት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ባል ቤቷ እያለ ለምን ተደብቃ ትማራለች? ለማን ልትጽፍበት ነው? ወይስ... ይቅር፣ አልጽፈውም። ደብተሩን እንዳየሁባት ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?

አስተርጓሚው፣ ከአዳማ

*

ወንድሜ አስተርጓሚው፤

ስለ ታይላንድ የጻፍከውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌዋለሁ። አፌን እየበላኝ ስለሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን ፓስፖርት አምጣው።

የዘለልከውን ቦታ አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ የሴኡሉ ሳንግሙን ዶንግ ሰፈር እመቤት ናት። ቤተሰቡ በሎተሪ በአንድ ጊዜ የከበረ ነው፤ ጎረቤቱን ሁሉ የምታበላው፣ ባሏንም ልጆቿንም የምታንቀጠቅጠው እሷ ናት። ፓስፖርት አውጥታለች። ልጇ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስሟን አንብቢልኝ ይላታል፤ ታመነታለች፣ ታመነታለች፣ በመጨረሻ እናትህ እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም ትለዋለች። ያቺ ድምፅዋ ግድግዳ የሚያልፍ ሴት በዚያች ደቂቃ ድምፅዋ ይጠፋል።

እና ይሄ «ታሪኩ ላይ የሚያጎድለው የለም»? ከ8 ዓመት ድራማ ውስጥ በቀጥታ ለሚስትህ የተጻፈ ደቂቃ ቢኖር እሱ ነበር። አንተ እሱን መርጠህ ዘለልክ። ክፉ አይደለህም፤ እንዳትሸማቀቅ ብለህ ነው ብዬ አምንሃለሁ። ግን ሚስትህ ያንን ጽሑፍ ባታነብም ፊት ታነባለች። 8 ዓመት ሙሉ የኮሪያ ተዋናይ ፊት ስታነብ የኖረች ሴት የእናቲቱን ፊትም አይታለች፣ የልጁንም አይታለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጠገቧ ያለውን የአንተን ፊት አይታለች። ድንገት ዝም ብለህ «ስለ ጉዞ ነው» ስትላት ምን ያላወቀች ይመስልሃል?

እኔ ልጅ ሳለሁ የሰፈር ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ። ልጆቻቸው ግንባር የሄዱባቸው እናቶች ፖስታውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቆሎ ይሰጡኛል፣ አነባለሁ። አንድ ቀን ልጁ መቁሰሉን የጻፈበትን መስመር ዘልዬ «ሰላም ነኝ» ወደሚለው አለፍኩ። ሴትዮዋ ደብዳቤውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችና አጣጥፋ ወጣች። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ መጥታ አታውቅም፤ ሁለት ሰፈር አልፋ ነበር የምታስነብበው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ሚዛናዊ እንድሆን አትጠብቅ።

አንተም ለኔ ስትጽፍ አንድ ቦታ ዘልለሃል። «ወይስ... ይቅር፣ አልጽፈውም።» ያልጻፍከውን ሁሉ አነበብኩት። ሌላ ሰው ልትል ነበር። አፈር ልብላ፣ ሰው ደብቆ ሊጽፍለት የፈለገ በአማርኛ አይጽፍም? በልጅ ያለቀ ደብተር፣ ከዱቤ መዝገብ ስር፣ ደንበኛ እስኪመጣ ባለው ክፍተት ፊደል የምትቆጥር ሴት ላይ ይሄ ይታሰባል?

ለምን ከአንተ እንደተደበቀች እኔ ልንገርህ። አስተማሪው አንተ ስለሆንክ ነው። «ይሄ እኮ ቀላል ነው» እንደምትላት ታውቃለች። ስትሳሳት ሳታስበው ፈገግ እንደምትል ታውቃለች። በደብዳቤህ ውስጥ እንኳ «በሒሳብ እኔንም ታስከነዳኛለች» ያልከው «እኔንም» የምትል ቃል ጨምረህ ነው። ሱቅ የምታስተዳድር ሴት ትራንዚተርን በሒሳብ ብትበልጥ ምን ይደንቃል?

አሁን ወደ ታይላንድ። ጠልፎ፣ አስገድዶ፣ መጨረሻ ላይ ሙሽራ የሚሆነውን አክተር እኔም አልወደውም። ጠለፋን እኛ ከድራማ አይደለም የምናውቀው። በታይላንድም ጥፊውንና መሳሙን አንድ ላይ ሰፍተው «ቶፕ ጁፕ» ይሉታል፤ እዚያው ያሉ ሴቶችም ሲቃወሙት ኖረዋል። እዚህ ላይ አንድ ነን። ግን «ኮሪያዎች ሴት ያከብራሉ» ያልከውን ይዘህ ዞር በል! የ2009ኙ «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ» አክተር ምን ነበር የሚያደርገው? የትምህርት ቤቱን ልጆች ሁሉ በአንዲት የልብስ አጣቢ ልጅ ላይ ያስነሳባታል፣ በሰዎቹ አስይዞ ቤቱ ያስወስዳታል፣ ልብስ ያስቀይራታል፤ ከዚያ ፍቅር። ታይላንዶች በ2021 ያንኑ ታሪክ «ኤፍ ፎር ታይላንድ» ብለው ሲሠሩት፣ ተማሪን ማሰቃየቱን ቀልድ አድርገው አላለፉትም፤ የተጎዱት ልጆች ላይ ቆመውበታል። ኮረጁ ያልካቸው አርመውት ነው። ርዝመቱንም ተወው፤ የምትወደው «ሪፕላይ 1988» አንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልፍበት ጊዜ አለ፣ ያውም ያለ ማስታወቂያ። ቃኘው ሻለቃን በተመለከተ ደግሞ፣ ታይላንድም በዚያው ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ለደቡብ ኮሪያ ወታደር ልካለች። ሟቾችን ከሪሞት ክርክር አውጣቸው።

ሚስትህ የሰጠችህ መልስ፣ «ይሄ መልስ ነው?» ብለህ የጣልከው፣ እኔ ስለ ሁለቱ አገር ድራማ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል። የኮሪያ ድራማ ዝምታን ይወዳል። ሴቲቱ ዝናብ ውስጥ ትቆማለች፣ ሙዚቃው ይናገርላታል፣ በ12ኛው ክፍል ላይ አንዲት እንባ። የታይላንዱ ድራማ፣ እነሱ ላኮርን የሚሉት፣ ግን እንደ ገበያ ነው። ያቺ ዓይኗን የምታፈጠው፣ «ናንግ ራይ» የሚሏት ክፉ ሴት፣ ፈለግኩ ትላለች፣ ተበደልኩ ትላለች፣ የምግብ ጠረጴዛ ትገለብጣለች። አዎ፣ መጨረሻ ላይ ትቀጣለች። እስከዚያ ግን ማንም አይዘልላትም።

ደግሞ ሁሉም ጥፊ አይደለም። በ2018 ቻናል 3 ያሳየው «ቡፔሳኒዋት» 15 ክፍል ነው። የዘመናችን የአርኪዮሎጂ ልጅ በመኪና አደጋ ሞታ፣ ነፍሷ በንጉሥ ናራይ ዘመን በጥንቷ ዋና ከተማ በአዩታያ በምትኖር ክፉ እመቤት ሥጋ ውስጥ ትነቃለች። ያ ድራማ ሲታይ ሰው የጥንት ልብስ ለብሶ የአዩታያን ፍርስራሽ ቤተ መቅደሶች ሊጎበኝ ይጎርፍ ነበር። ልጅቷ የመጣችበትን ዘመን ቋንቋ ታወራለች፣ አገሬው ግራ ይጋባል፣ እሷ አታፍርም፤ ጠይቃ፣ ተሳስታ፣ ተስቆባት ትማራለች። ሚስትህ አይታው ከሆነ ለምን እንደወደደችው አትጠይቃት።

ምን ላድርግ ላልከው፦ ደብተሩን አላየኸውም። በልጅ አፍ አታስጠይቃት፣ መዝገበ ቃላት ገዝተህ አታምጣ፣ «ብትፈልጊ ላስተምርሽ» አትበል። የእሷ ነው፤ ሲበቃት ራሷ ታወጣዋለች፣ ወይም አታወጣውም።

የዘለልከውን ግን መልስ። ልጆች ሲተኙ ያንን ክፍል ክፈትና «እዚህ ጋ ዘልዬብሽ ነበር» በላት። ምክንያት አትደርድር። የእናቲቱን ቃል እንዳለ ተርጉምላት፣ ከዚያ አፍህን ዝጋ። ብታለቅስ አታባብላት። ብትቆጣ ትቆጣ። ምናልባት ከስር የተጻፈውን ራሷ ታየው ይሆናል፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ካየህ ቀድመሃት እንዳታነብ፣ አደራ።

በማግስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ካንተ ወገን ያለውን ኢርፎን ለምናት። ማን ማን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደበደለ ከመጀመሪያው ትንገርህ፤ አሁን አስተርጓሚዋ እሷ ናት። ክፉዋ ሴት ዓይኗን ስታፈጥ ግን እንዳትስቅ።